ሰባት ቀን በሊላ ቤት፣ ሮም

ሮም ደርሼ ተመልሻለሁ። አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን «እስቲ ሮምን ንገሪን» ሲሉኝ ምን እንደምላቸው ይጨንቀኛል። የጳጳሱን አደባባይ ያየሁት ከመኪና ውስጥ፣ ዝናብ በሚወርድበት መስታወት ነው። በሥዕል የምናውቀውን ያን ትልቅ ክብ ፍርስራሽ ጭራሽ አላየሁትም። የሰነበትኩት በከተማዋ ምሥራቅ ዳር፣ ፖንቴ ማሞሎ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት የህንድ ሴት ቤት ነው። ስለዚህ ከሮም ይዤ የመጣሁት ወሬ አብዛኛው የህንድ ወሬ ነው። ህንድን እኔም በዕድሜዬ አያታለሁ ብዬ አላስብም፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አታዩዋትም። ያየሁትን በዚያው በቀኑ ቅደም ተከተል ላውራችሁ።

የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም። ታናሽ እህቴ ሂሩት ሮም ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት እየተንከባከበች ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። እዚያ ሥራውን «ባዳንቴ» ይሉታል። ጥቅምት ላይ ሥራ ቦታዋ ወደቀች፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። ላስታምማት ቪዛ ጠየቅኩ። ቪዛው በተፈቀደልኝ ማግስት ሞተች። ደሴ ተመልሼ ለእናቴ መርዶ አስነገርኩ፣ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ከዚያ ላስታምም በወጣ ቪዛ ሬሳ ላመጣ ተነሣሁ። ስወጣ እናቴ ከመደቡ ሳትነሣ እጄን ይዛ፣ «ልጄን ይዘሽልኝ ነይ። ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ» አለችኝ።

ሐሙስና ዓርብ

ከደሴ የወጣሁት ሐሙስ ማለዳ በአውቶቡስ ነው። በከሚሴ ሜዳ ማሽላ እየተቆረጠ ነበር። ጥቁር መልበሴን ያየች ከጎኔ የተቀመጠች ሴት «ማን ሞቶብሽ ነው እህቴ?» አለችኝ። ነገርኳት። የማታውቀኝ ሰው ናት፤ እስከ ደብረ ሲና አብራኝ አለቀሰች። ዓርብ አውሮፕላን ውስጥ ግን ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ስድስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። ከዚያ ጀምሮ ግን አገር የለቀቅኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቆሜ ሻንጣዎቹ ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ ሁሉም የየራሱን ወስዶ ሲያልቅ የእኔ የለም። ለሬሳው መግነዝ እንዲሆን እናቴ ከሣጥኗ ያወጣችው ጋቢ ሻንጣው ውስጥ ነበር። አንድ ወረቀት አስሞልተው አሰናበቱኝ።

ውጭ ጋሽ ፍራንኮ ስሜን በአማርኛ ጽፈው ይዘው ቆመዋል። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ አዲስ አበባ ተወልደው አድገው ሮም አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው የሐበሻውን ሐዘንና ደስታ በመኪናቸው ያመላልሳሉ።

«አሎራ፣ ወይንሸት» አሉኝ መኪናውን እያስነሡ። «ዶኩሜንቲዎቹ ዝግጁ ናቸው። ሬሳውን ወደ አገር ለመላክ የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። ሰኞ እንሄዳለን፤ ቫ ቤኔ?»

«እሺ ጋሼ። የማርፈው የት ነው?»

«ሂሩት ቤት ነዋ። ሊላ እየጠበቀችሽ ነው።»

ሊላ የሂሩት ደባል ናት። ሂሩት በስልክ «ህንዷ» ስትል እሰማ ነበር፤ «ህንዷ ሰላም ብላሻለች»፣ «ህንዷ ታማብኛለች»። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው መኖራቸውን ግን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ጠይም፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሰች ሴት ናት። እኔ በጥቁር፣ እሷ በነጭ፣ ደፍ ላይ ተፋጠጥን። እነሱ ዘንድ የሐዘን ልብስ ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበርና «ይህቺ ደግሞ የምን ሠርግ ላይ ናት?» አልኩ በሆዴ።

ቤተ ክርስቲያን እንደምገባ ሁሉ ጫማዬን ደፉ ላይ አወለቅኩ። የእሷም ጫማ እዚያው ነበር። ይህን ስታይ ሁለት እጆቿን በደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለችና፣ በእኛው አገር አነጋገር፣ በወሎ ድምፅ፣ «አብሽሪ» አለችኝ።

ይህን ቃል ከሂሩት በቀር ማን ሊያስተምራት ይችላል? እዚያው በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የቀረውን በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው። ክፍሉን ስታሳየኝ ሁለት አልጋ አለ። «የሂሩት አልጋ ላይ ልተኛ?» አልኳት። ሊላ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። እንቢ ማለቷ ነው ብዬ፣ ሟች የተኛችበትን ማስነካት አትወድም ብዬ፣ ሶፋ ላይ ኩርምት አልኩ። ስነቃ አንገቴ አልዞር ብሏል፤ ሊላ ደግሞ ብርድ ልብስ ይዛ ቆማ «ምነው አልጋሽን ጠላሽው?» ትለኛለች።

የእነሱ «አዎ» እንደዚያ ነው ለካ። ጭንቅላት ወደ ጎን እንደ ፔንዱለም ሲወዛወዝ «እሺ»፣ «ደስ ይለኛል»፣ «ገብቶኛል» ማለት ነው። ይህን ስትነግረኝ ልጅ ሳለሁ ደሴ ሒሳብ ያስተማረን ህንዳዊ መምህር ትዝ አለኝ። ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ስሠራ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፤ ተሳሳትኩ ብዬ ትክክለኛውን መልስ አጠፋለሁ። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ «ጎበዝ» ሲለኝ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ገባኝ።

እሑድ

ዝናብ ነው። ደሴ ኅዳር ፀሐይና አጨዳ ነው፤ ሮም ኅዳር ክረምት ነው። ሰማዩ ጣራው ላይ ተቀምጧል።

ሊላ የመጣችው ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ ነው። ህንድ ቋንቋዋ እንደ እኛ ብዙ ነው፤ የሰሜኑ ሰው የሊላን ቋንቋ አንድ ቃል አይሰማም። እኛ በፊልም የምናውቀው ዘፈንና ጭፈራ የሰሜኑ ነው አለችኝ፤ የእሷ አገር ኮኮናት፣ ሩዝና ዝናብ ነው። ሃይማኖቷ ሂንዱ ነው።

ምግቡ ያስለቅሳል፤ በቃሪያው ማለቴ ነው። ሩዝና ምስር በእጅ ነው የምንበላው፤ በቀኝ እጅ፣ በጣቶች ጫፍ፣ ልክ እንደ እኛ። ሊጥ አቡክታ አሳድራ በመጥበሻ የምትጋግረው ስስ ነገር አለ፤ ዶሳ ይባላል። ዓይን የለውም እንጂ ኮምጠጥ ማለቱ የእንጀራ ዘመድ ነው። ሌላ ጊዜ ዓሣ ትወዳለች፤ አሁን ግን ሥጋም ዓሣም ቤቱ አይገባም። «ጾም ነው?» አልኳት። «ፑላ ነው» አለች። አልገባኝም።

ግድግዳው ላይ የአማልክቶቿ ሥዕሎች አሉ። ሁሉም ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ከፊታቸው ያለው የነሐስ መብራት ዘይት የለውም፣ ደርቋል። ክርስቲያን ናት፣ ይከብዳታል ብላ ለእኔ ስትል ያዞረቻቸው መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝም። «ስለ እኔ መጨነቅ አልነበረብሽም» አልኳት።

«ስለ አንቺ አይደለም» አለች። «ከቤት ሰው ሲሞት አሥራ ስድስት ቀን መብራት አናበራም፣ አምላክ ፊት አንቆምም፣ ቤተ መቅደስ አንሄድም። ፑላ ማለት እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ደፋችን ላይ በሩዝ ዱቄት የምስላት አበባ አለች፤ እሷንም ትቻለሁ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው።»

«ይህ ለሥጋ ዘመድ አይደለም እንዴ?»

«ለሥጋ ዘመድ ነው።»

«ታዲያ ሂሩት…»

«እኔ ካልያዝኩላት እዚህ ማን ይይዝላታል?» አለችና ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ከዚያ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሂሩት እዚህ መቀበር ነው የምትፈልገው» አለችኝ።

«ይህን ማን ወሰነ?» አልኳት።

«እሷ። ነግራኛለች።»

«ለእኔ አልነገረችኝም። ለእናቷ አልነገረችም። አንቺ ማን ነሽና ነው ለእህቴ የምትናገሪላት? እናቴ ልጄን አምጪ ብላ ተቀምጣለች!»

ሊላ ቧንቧውን ዘጋችና እጇን በነጭ ልብሷ ጠረገች። የቀረውን ቀን ሁለት ክፍል ውስጥ ለየብቻችን ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ብቻ በሩን ገፍታ ሻይ አስቀመጠችልኝ፤ በወተት የፈላ፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ የሚመስል ቅመም ያለው። ዘጋሁት፤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። አሁን ሳስበው የማፍርበት ነገር ይህ ነው።

ሰኞ

ጋሽ ፍራንኮ ወስደውኝ ሬሳዋን አየሁ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ፊቷ ደህና ነው፤ ፀጉሯ ሸብቷል። መሸበቷን በስልክ አላየሁትም፤ ካሜራ ፊት ሁልጊዜ ሻሽ ታስር ነበር።

ሠራተኛው ለማልበስ የሚሆን ልብስ አምጡ አለን። የእናቴ ጋቢ የት አገር እንደሚዞር ማንም አያውቅም። ከዚያ ወጥተን ጋሽ ፍራንኮ ቪያ ቮልቱርኖ አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት አስገቡኝ። ትልቁ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ጎዳና ነው፤ ስልክ የሚሸጥበት፣ ገንዘብ የሚላክበት፣ ሽሮ የሚበላበት። ሂሩትን የሚያውቁ ሴቶች መጥተው አቅፈው አለቀሱልኝ። ከአውቶቡሱ ወዲህ ሰው አብሮኝ ያለቀሰው ያኔ ነው።

ከእናቴ ጋር በስልክ ተገናኘን። «አየሻት?» አለችኝ። «አየኋት።» «መቼ ትመጣለች?» ልክ በእግሯ እንደምትመጣ ሁሉ። «በቅርቡ» አልኩ።

መኪና ውስጥ ተመልሰን ስንገባ፣ «ጋሼ፣ ሊላ ሂሩት እዚህ መቀበር ትፈልጋለች አለችኝ። እርስዎ የሰሙት ነገር አለ?» አልኳቸው።

ጋሽ ፍራንኮ ሊያስነሡ የከተቱትን ቁልፍ መልሰው አወጡት። «ልጄ፣ እኔ የማውቀውን ሁሉ ከመናገር ተቆጥቤ ነው እዚህ የደረስኩት። ፊርማሽን ዛሬ ሳይሆን ረቡዕ አድርጊው። በመሃል ሊላን ጠይቂያት።»

«ምን ብዬ?»

«ለምን ብለሽ።»

ሲመልሱኝ ሆን ብለው በቫቲካን በኩል ዞሩ። ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በአጥሩ ውስጥ፣ የእኛ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የጸለዩበት ቅዱስ እስጢፋኖስ አለ፤ ያለ ፈቃድ አይገባም። በዝናቡ ውስጥ ግንቡን ብቻ አየሁ። የሮም ጉብኝቴ ይኸው ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ሻዩን ይዛ ስትመጣ ተቀበልኳት። ጠጣሁም። «ለምንድን ነው እዚህ መቀበር የፈለገችው?» አልኳት።

ሊላ የተጠየቀችው ለዓመታት ስትጠብቀው የነበረ ጥያቄ ይመስል ወዲያው ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። «ነይ፣ አሳይሻለሁ።»

በሜትሮና በሁለት አውቶቡስ ከከተማው ወጣን። የመቃብር ስፍራው ራሱን የቻለ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ ውስጡ ይዞራል። እዚያ ብዙው ሰው አፈር ውስጥ አይቀበርም። እንደ ፎቅ ቤት የተደራረበ ግድግዳ አለ፤ ሬሳው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በእብነ በረድ ይደፈናል። አፈር ሳይቀምስ የሚቀር ሰው ማሰቡ ከበደኝ። ሊላም ከበዳት ኖሮ «የእኛን ሬሳ እሳት ነው የሚበላው፤ አመዱን ወንዝ ይወስደዋል። እኔም መጀመሪያ ሳየው እንዳንቺ ነው የሆንኩት» አለችኝ።

አንድ ረድፍ ላይ የትንንሽ ቀዳዳዎች ግድግዳ አለ፤ እያንዳንዱ የጫማ ካርቶን ታክላለች። ሊላ ከታች አንዷን በጣቷ ነካች። በላቲን ፊደል አንድ ስም ብቻ ተጽፎባታል። ፊደሉን ቆጥሬ ሳነብ የእናቴ ስም ነው። የሺመቤት።

«ይቺ ማን ናት?» አልኩ።

«የሂሩት ልጅ» አለች ሊላ።

አጠገቡ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነገረችኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። አባትየው ሂሩት ማርገዟን ሲሰማ ከተማ ቀይሮ ጠፋ። ሂሩት ሆዷ ሲገፋ ከሐበሻው ሰፈር ራቀች፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች፣ ለእኛም መደወል ተወች። ልጅቷ ጤነኛ ሆና ተወለደች። በእኛ ወግ ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሂሩት ቀኑን እየቆጠረች፣ ያኔ እንደምንም ደፍሬ ካህናቱ ፊት እቆማለሁ ትል ነበር።

«በእኛ አገር ደግሞ ልጅ በሃያ ስምንት ቀኗ ስም ይወጣላታል» አለች ሊላ። «ወገቧ ላይ ጥቁር ክር ይታሰርላታል። የቤተሰቡ ሽማግሌ አንድ ጆሮዋን በቅጠል ሸፍኖ በሌላው ስሟን ሦስት ጊዜ በሹክሹክታ ይነግራታል። ከሁሉ በፊት ስሟን የምትሰማው ራሷ እንድትሆን። ለሂሩት ‹ይህቺ ልጅ እስከዚያ ድረስ ስም የለሽ ትቆይ?› አልኳት። ሽማግሌ የት ይገኛል? እኔ ታላቅ ነኝ፣ እኔ ሆንኩ። የሚፈለገው ቅጠል ሮም የለም፤ ከሰገነታችን በሶብላ ቆረጥኩ። የስም አወጣጡንም ለሂሩት የነገርኳት እኔ ነኝ፤ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የአያቷን ስም ትወስዳለች። ሂሩት፣ በእኛ አገር እንዲህ የለም፣ አለች። ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን፣ የእናቴ ስም ይሁን፣ አለች።»

«ከዚያስ?»

«በሰባ አንደኛው ቀን ጠዋት ስንነሣ ሞታለች። ሐኪሞቹ ምክንያት የለውም አሉ። እንዲህ የሚሆኑ ሕፃናት አሉ አሉ።»

ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር። ሂሩት ያን ዘጠኝ ቀን አልረሳችውም፤ ምነው ዘመዶቼን ሳላፍር ቀደም ብዬ ባስጠመቅኳት ስትል ኖረች። እኔ ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በልቤ ሌላ ነገር አሰላ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወራት፣ መደወል ስታቆም፣ ሮም ለሚሄድ ሰው ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። «ሮም ደስታ ላይ ሆነሽ እናትሽን ረሳሻት፤ ልብሽ ድንጋይ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። ደብዳቤው ልጅቷ በሕይወት ሳለች ይሁን ከሞተች በኋላ የደረሳት አላውቅም። ሊላን እስከ ዛሬም አልጠየቅኳትም።

«የልጅቷ አጥንት በትንሽ ሣጥን ነው ያለው» አለች ሊላ። «ሕጉ ከእናቷ ጋር አንድ ላይ እንዲያርፉ ይፈቅዳል። ሂሩት የለመነችኝ ይህን ነው። ወደ አገር ከወሰድሻት ልጅቷ እዚህ ብቻዋን ትቀራለች። እኔም አረጀሁ፤ ማን ይጎበኛታል?»

ረቡዕ

ቢሮው ውስጥ ጋሽ ፍራንኮ ሁለት ወረቀት ፊቴ አስቀመጡ። አንዱ ወደ አገር የሚያሳፍራት፣ አንዱ እዚያው የሚቀብራት። ጣሊያንኛ ማንበብ አልችልም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የእናቴ እጅ አሁንም እጄ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። በቀብሩ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ጋሽ ፍራንኮ ሌላኛውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ማታውን እናቴ ስትደውል እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ወረቀት አስቸገረን» አልኳት። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለእናቴ እንዲህ ዋሽቼ አላውቅም።

ማልበሻ ልብስ አሁንም የለንም። ሊላ ከቁም ሣጥኗ የታጠፈ ልብስ አወጣች። የኬረላ ሴቶች ለበዓል የሚለብሱት የጥጥ ነጭ ነው፤ ዳሩን ወርቃማ ጥለት ይዞረዋል። ባይነግሩኝ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ነው እል ነበር። «ልጄ ስታገባ ልለብሰው ያስቀመጥኩት ነው» አለች። ልጇ አገር ቤት ካገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ሊላ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሳይታደስላት ቀርቶ ሠርጉን በስልክ ነው ያየችው። ባሏ ሲሞትም እንደዚያው።

ሐሙስ

ቀብሩ ላይ ከሃያ አንበልጥም። ካህኑ ፍትሐት አደረሱ። ካህኑን ለብቻቸው ስለ ሕፃኗ ጠየቅኳቸው፤ ሳትጠመቅ የሞተች መሆኗን ነገርኳቸው። «እኔ ሥርዓቱን እንጂ የእግዚአብሔርን ልብ አላውቅም፤ ከእናቷ ጋር ትግባ» አሉኝ። ያጽናናኝ ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ መጽናኛ አላገኘሁም።

ሊላ ከሁሉም ኋላ ቆማ ነበር። ሄጄ እጇን ይዤ ከፊት አመጣኋት። ሣጥኑ በማሽን ተነሥቶ አራተኛው ረድፍ ገባ፤ ትንሿን ሣጥን አንድ ሠራተኛ በእጁ ይዞ በመሰላል ወጣ። ልማድ ሆኖብን ሁላችንም አፈር ልንበትን ጎንበስ አልን። መሬቱ ሲሚንቶ ነው። እጃችን ባዶ ሆኖ ቀና አልን።

ዓርብ

አሥራ ስድስተኛው ቀን። ሊላ ማለዳ ገላዋን ታጥባ፣ በዚያው ነጭ ልብሷ፣ ፀጉሯ እንደረጠበ፣ የበሰለ ሩዝ ከጥቁር ሰሊጥ ጋር በእጇ እያድበለበለች ነበር። ፖንቴ ማሞሎ ስር የሚያልፍ አኒዬኔ የሚባል ወንዝ አለ። ዳሩ ቤት ያጡ ስደተኞች በቆርቆሮና በላስቲክ ይኖሩበት ነበር፤ ሰፈራቸው ፈርሷል። ሊላ ልትሄድ ስትነሣ «ልምጣ?» አልኳት። ጭንቅላቷን አወዛወዘች። አሁን ገብቶኛል።

ወንዙ ዳር ሩዙን በሙዝ ቅጠል ላይ አስቀመጠች፤ ቅጠሉን ከባቡር ጣቢያው አካባቢ ገበያ ገዝታዋለች። ከዚያ መዳፎቿን በውሃ አርሳ አጨበጨበች። ቁራ መጥራቷ ነው። በእነሱ እምነት ሙታን በቁራ በኩል ይመጣሉ፤ ቁራ ሩዙን ከበላ ሟች ተደስቷል፣ ካልበላ የቀረው ነገር አለ።

እኔ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ይህ የእኔ ሃይማኖት አይደለም፤ በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን እደግም ነበር። ዝናብ ያካፋል። ሊላ አጨበጨበች፤ ምንም የለም። እንደገና አጨበጨበች። የሮም ቁራ ገላው አመድማ ነው፤ ሁለት ቁራዎች ዛፍ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፣ አይወርዱም። ሊላ ፊቷ ተለወጠ። «የምትፈልገውን አድርገንላት የለም እንዴ? ምን ቀረ?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለቁራዎቹ አላውቅም።

ያን ጊዜ፣ የምሠራውን ሳላስብ፣ «ለእናቴ እነግራታለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። በአማርኛ ነው ያልኩት። «ሂሩት፣ ስለ ልጅሽ ለእማዬ እነግራታለሁ።»

ቁራዎቹ ወረዱ ብዬ ልጽፍላችሁ እችል ነበር። አልወረዱም። ሩዙን ትተንላቸው በዝናቡ ተመለስን። ወደ ኋላ እንዳላይ ሊላ ከለከለችኝ፤ አያዩም አለች። ስለዚህ ይብሉት አይብሉት አላውቅም።

ቤት ገብተን ሊላ ሥዕሎቹን ወደ ፊት አዞረች፣ መብራቱ ውስጥ ዘይት ጨመረች፣ አበራች። ደፉ ላይ በሩዝ ዱቄት አበባዋን ሣለች። ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ በላን። ስጨርስ ቅጠሌን ወደ ራሴ አጠፍኩት። ሊላ እጇን ዘርግታ ዘረጋችውና ወደ ውጭ መልሳ አጠፈችው። «ወደ ራስ የሚታጠፈው በሠርግ ነው» አለች። «እንደገና ና ማለት ነው። ሐዘን እንደገና አይጠራም።»

ከሰዓት በሩ ተንኳኳ፤ ሻንጣዬ ነው። የእናቴን ጋቢ ለሊላ ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ እግሬን ልትነካ ስትል ያዝኳት፤ በእነሱ ታላቅ የሚከበረው እንደዚያ ነው፣ እኛ ጉልበት እንደምንስመው። ታላቋ ግን እሷ ናት። እኔ ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። ሂሩት «ቼቺ» ትላት ነበር፤ በቋንቋቸው «እትዬ» ማለት ነው። እኔም ቼቺ ብያት ወጣሁ። ጋሽ ፍራንኮ ታች ሞተር አስነሥተው ይጠብቁኝ ነበር። ሊላ በሰገነቱ ላይ ነጭ ሆና ቆማ ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው።

ደሴ

ሰኞ ከሰዓት ገባሁ። እናቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ በሩን ነው።

«የታለች?»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምንም አላስቀረሁም፣ የጻፍኩትን ደብዳቤ ጭምር። ስለ ልጅቷ ስጀምር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ስሟን ስነግራት ነጠላውን ይበልጥ ሳበችው። ስጨርስ «ሂጂ፣ ተነሺልኝ» አለችኝ። ያን ቀንና ማግስቱን አላናገረችኝም፤ ያቀረብኩላትን ምግብ አልነካችም።

ረቡዕ ጠዋት ራሷ ወጥታ የእድሩን ዳኛ አስጠራች፤ ድንኳን አስተከለች። ሰፈሩ ግራ ገባው። ለሂሩት ተለቅሷል፤ ሰልስቷ ወጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየገቡ «እትዬ የሺመቤት፣ ደግሞ ምን መጣ? ማን ሞተ?» ይሏታል።

እናቴ ድንኳኑ መሃል ቆማለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሳትደገፍ ነው የቆመችው።

«የሺመቤት ሞታለች» አለች። «የሂሩቴ ልጅ ናት። ሞታ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አያቷ ገና አሁን ሰማሁ። አልቅሱልኝ።»

ተቀመጡና አለቀሱላት።